በር ላይ የቆመው አጎት

ጥቅምት 4

ለተከበሩ የሩቅ አጎቴ፣

በማያውቁት እጅ የተጻፈ ወረቀት ስለደረሰዎ አይደንግጡ። ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምቱስ ባሉበት አገር እንዴት አለፈ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ሌላውን እየነገርኩዎ እሄዳለሁ።

የሟቹ የአናጺው ልጅ ነኝ። አባቴ ሊሞት ሲል ከሣጥኑ ሥር የእርስዎን አድራሻ አውጥቶ ሰጠኝና «የሩቅ አጎታችን ነው። ከአቅማችን በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ ጻፊለት። በትንሽ በትልቁ ግን እንዳታስቸግሪው» አለኝ። አባቱም ለእሱ እንደዚያው ብሎ ነው የሰጠው። አድራሻው ይህን ያህል ዘመን ሳይለወጥ መቆየቱ ይገርመኛል። ምናልባት እርስዎ የዚያ አጎት ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይሆናሉ። ማንም ይሁኑ ማን፣ ዘመድ ነዎት ብዬ እጽፋለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። አላገባሁም፤ ከታላቅ ወንድሜና ከሴት ልጁ ጋር በአባታችን ቤት ነበር የምንኖረው። ፎቁ መኖሪያ፣ ከታች በግራ የእሱ እንጨት ቤት፣ በቀኝ የእኔ ስፌት ቤት። ባለፈው ዓመት መንግሥት የሚባለው ነገር ከከተማችን ሲወጣ፣ ገመዱ የሚሉት ሰው አርባ ታጣቂ ይዞ ገባ። ገመዱ የተባለው፣ ያጠፋን ሰው ከመኪናው ኋላ በገመድ አስሮ ስለሚጎትት ነው። ማን እንዳጠፋ የሚወስነውም እሱ ነው።

መስከረም ማለቂያ ላይ ወደ ወንድሜ መጣና ገበያው አደባባይ ላይ የሰው መስቀያ እንዲሠራለት አዘዘው። ወንድሜ «እኔ በርና መስኮት ነው የምሠራው» አለው። ያለው ይህችኑ ብቻ ነው። የገመዱ ሁለት አጃቢዎች፣ መንትዮች ናቸው፣ ወንድሜን በገዛ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ አስተኝተው እጁን ዘርግተው ያዙት። ገመዱ የወንድሜን መጥረቢያ አነሣና ከትንሿ ጣት ጀመረ። በየጣቱ «ትሠራለህ?» ይለዋል። አራተኛው ላይ ወንድሜ ፊቱ ላይ ተፋበት። ያኔ አንገቱን መታው። አንዴ አልበቃውም፤ ሦስቴ ነው። እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አልጮህኩም። ለምን እንዳልጮህኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አጎቴ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የወንድሜን ልጅ ይቀበሏት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አስተማሪ ናት፤ አፏ ግን አያርፍም፣ በዚህ ከተማ ደግሞ አፍ ያለው ሰው ዕድሜ የለውም። የጥሪ ወረቀት ይላኩላት። እኔ ብቀርም ግድ የለም።

በአክብሮት እጅ እነሣለሁ፣
የአናጺው ልጅ


ኅዳር 22

ለእህቴ ልጅ፣ ለልጅ ልጇ፣ ለልጅ ልጅ ልጇ… እንዲህ ብዬ ብቀጥል ወረቀቱ ያልቃል። ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ምርቃት ከእኔ አፍ ሲወጣ ስለማያምር በዚሁ ልለፈው። ስለ ወንድምሽ አዝኛለሁ። አራት ጣት ተቆርጦበት ምራቅ የመለሰ ሰው የእህቴ ዘር ለመሆኑ ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም።

መልሴ ዘገየብሽ ይሆናል። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። ስድስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ስድስት ጊዜ ቀደድኩ። እውነቱን ከመናገር የሚሻል ዘዴ ስላጣሁ ይኸውልሽ።

አባትሽም፣ አያትሽም፣ የአያትሽ አያትም አድራሻውን የተቀባበሉለት አጎት አንድ ሰው ነው። እኔ ነኝ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ወታደር ነበርኩ። ተሸነፍን፤ ሆዴን በጦር ተወግቼ ከሬሳ ጋር ቦይ ውስጥ ተጣልኩ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት በሬሳው መሃል እየተራመደች መጣች። ነፍሱ ያልወጣውን እየለቀመች ትጠጣ ነበር። እኔ ዘንድ ስትደርስ «ትተኸው የምትሄደው ሰው አለህ?» አለችኝ። «አንዲት እህት አለችኝ፣ ነፍሰ ጡር ናት» አልኳት። ምን እንዳየችብኝ አላውቅም፤ የራሷን ደም አጠጣችኝ። ከዚያ ወዲህ አልሞትኩም፣ እህልም አልቀመስኩም። ሰዎች ደም መጣጭ ይሉናል፤ የአሁን ልጆች ደግሞ ቫምፓየር ይላሉ አሉ። ይሁን፣ ከደም መጣጭ ይሻላል።

ለዚያች ሴት፣ እመቤቴ እላታለሁ፣ በሯን ልጠብቅ ማልኩላት። ይኸው አራት መቶ ዓመት ዘበኛ ነኝ፤ እድገት የለ፣ ጡረታ የለ። ለእህቴ ደግሞ ልጆቿን ልጠብቅ ማልኩላት። ከደሟ የሆነ ሰው ከጠራኝ እሄዳለሁ፤ እመቤቴም ለዚህ ትፈቅድልኛለች። እስካሁን የተጠራሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ልጅቷን እዚህ ልቀበላት አልችልም። በዚህ ቤት ደፍ ያለፈ ሰው ሲወጣ አላየሁም፤ በሩን የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። እኔ ግን መምጣት እችላለሁ። ከመጥራትሽ በፊት አስቢበት። ሽማግሌ ሆኜ አስታርቄ የምመለስ አጎት አይደለሁም። የምትፈልጊያቸውን ሰዎች ለይተሽ ጻፊ፤ አንዴ የተጻፈልኝን አልሰርዝም። ልብስ ሰፊ ነሽና የአንገታቸውን ልክ ታውቂዋለሽ። እኔም ከልክ ሁሉ የሚገባኝ እሱ ብቻ ነው።

በር ጠባቂው አጎትሽ


ጥር 9

አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ነበር። ወንድሟን ቀብራ ለጻፈች ሴት በተረት የሚቀልድ ሰው ከሆኑ ልቦና ይስጥዎ ብዬ ተውኩት። የወንድሜ ልጅ ግን ከእጄ ነጥቃ አነበበችውና «አክስቴ፣ ይሄ ሰው እብድ ከሆነ ጥሩ እብድ ነው» ብላ ሳቀች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከትናንት ወዲያ ወሰዷት። የተገደሉትን ሰዎች በደብተር ትመዘግብ ነበር፤ ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ማን እንደገደላቸው። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ጠቆመባት። መንትዮቹ ክፍል ድረስ ገብተው በተማሪዎቿ ፊት የምትጽፍበትን እጇን የጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ አስገቡና መሳቢያውን በእግራቸው ረገጡት። ከዚያ በፀጉሯ እየጎተቱ ወደ እህል መጋዘኑ ወሰዷት። መጋዘኑ አሁን እስር ቤታቸው ነው። እርስዎ ስለሚጠብቁት ቤት እንዳሉት፣ ገብቶ የወጣ የለም።

ስለዚህ እብድም ይሁኑ ሰይጣን፣ ይምጡ። የምፈልገው ሦስት ሰው ነው። ገመዱ፣ አንገቱ 43። መንትዮቹ፣ አንደኛው 39፣ ሌላኛው 39 ተኩል። ሸሚዛቸውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ያውም በግድ። ልጅቷን አደራ። ሌላ ሰው እንዳይነኩ።

መጋዘኑ መስኮት የለውም። ይህን ለምን እንደምጽፍልዎ እርስዎ ያውቃሉ።

የአናጺው ልጅ


ጥር 28

ለእህቴ ልጅ፣

ጥሪሽ ደርሶኛል። እመቤቴ የአርባ ቀን ፈቃድ ሰጥታኛለች። «ትመለሳለህ?» አለችኝ። «መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?» አልኳት። ጉንጬን በመዳፏ ነካ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። እንዲህ የምታደርገው በመቶ ዓመት አንዴ ነው።

የምመጣው በጭነት መርከብ፣ ሣጥን ውስጥ ሆኜ ነው። ክዳኑ ላይ «ለገመዱ፣ የወይን ጠጅ፣ ከአድናቂዎ» የሚል አስጽፌበታለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ስጦታ ሲመጣለት ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። አንቺ ከቤትሽ አትውጪ። የምትሰሚውንም እንዳልሰማሽ ሁኚ።

አጎትሽ


የካቲት 20፣ ከመጋዘኑ

ለእህቴ ልጅ፣

ልጅቷ ቤት ደርሳለች፤ ወደ ፀሐይዋ ስትሮጥ አይቻታለሁ። ይህን ወረቀት ለታጣቂዎቹ ልብስ የምታጥበው ሴት ታደርስልሻለች። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትቀድጂው።

ሣጥኑን ራሳቸው ከፈቱት። ቀትር ነበር፤ ውጭው ፀሐይ፣ ውስጡ ፋኖስ። ክዳኑን የፈነቀለው ሰውዬ ጠርሙስ ፍለጋ እጁን ሲሰድ፣ እጁን ይዤ ወጣሁ። መጋዘኑ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ነበር። «ሌላ ሰው እንዳይነኩ» ብለሽኛል፤ ጠመንጃ ያነሣብኝን ግን እንደ ሌላ ሰው አልቆጠርኩትም። ጥይት ያመኛል እንጂ አይገድለኝም፤ ያመመኝን ያህል መለስኩላቸው። ፋኖሱ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በጨለማው የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እነሱ የሚሰሙት የጓደኞቻቸውን አጥንት ነው። መንትዮቹን ተቃቅፈው ጥግ ላይ አገኘኋቸው። 39 ተኩሉ ቀድሞ ሞተ። ሌላኛው ወንድሙን በስሙ ይጣራል፤ የወንድምሽ መሥሪያ ጠረጴዛ ትዝ አለኝና ቶሎ አልገላገልኩትም። ይህን የምነግርሽ ደስ እንዲልሽ አይደለም። የሠራሁትን ስለማልደብቅ ነው።

ልጅቷን ግድግዳው ላይ ከታሰረችበት ሰንሰለት ፈታኋት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ጥሩው እብድ አንተ ነህ?» አለችኝ። በሩን ከፈትኩላት። «ወደ ብርሃኑ ሩጪ። እዚያ እኔም ብሆን ልከተልሽ አልችልም» አልኳት።

የቀረው ገመዱ ነበር። መጋዘኑ ጫፍ ላይ፣ ከተከመረው ጆንያ ኋላ። አልለመነኝም፤ ይህን ልመስክርለት። ጉሮሮውን ይዤ ከመሬት አነሣሁትና ጥርሴን አስገባሁ።

ልጄ፣ የእህቴን ደም ቀመስኩ።

ያን ደም አራት መቶ ዓመት አልረሳሁትም። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጠርዝ ላይ፣ መርፌ የወጋው ጣትሽ የነካው ቦታ፣ ያው ነው የሸተተኝ። ገመዱ የአባትሽ ልጅ ነው። ወንድምሽ ነው።

አወረድኩት። አንገቱን በእጁ አፍኖ «ለምን ተውከኝ?» አለኝ። ለእህቴ ልጆች አልዋሽም፤ ነገርኩት። መሐላዬንም ጭምር። ብዙ ሳቀ፤ በሳቀ ቁጥር ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወጣል። «እንግዲያው እኔም ጠርቼሃለሁ» አለ። «በሬ ላይ ቁም።»

ቆሜያለሁ።

አጎትሽ


የካቲት 25

አጎት፣

እንዴት ሰነበትክ አልልህም።

አባቴ በዓመት አንዴ እንጨት ልገዛ ብሎ ወደ ድንጋይ ካባው መንደር ይሄድ ነበር። አንድ ቀን እንጨት ይዞ ተመልሶ አያውቅም። እናቴ «ከድንጋይ መንደር እንጨት የሚገዛ አናጺ የእኔ ባል ብቻ ነው» ትል ነበር፤ ስትል ግን አትስቅም። ገመዱ የዚያ መንደር ልጅ ነው። ስለዚህ አልዋሸህም። በዋሸህ ምን ነበረበት።

አሁን ደግሞ የሠራኸውን እኔ ልንገርህ። ልጅቷ ስታመልጥ ያዩ ሰዎች ነገሩ ያበቃ መሰላቸው። በማግስቱ ጠዋት ዶማና ብረት ይዘው ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ከፊት የነበረችው ባለ ዳቦ ቤቷ ናት፤ ዱቄቱን ከክንዷ እንኳ አላራገፈችም። ገመዱ ከውስጥ ሆኖ ሲያዝህ ሁላችንም ሰማን። «አባርልኝ» አይደለም ያለህ፤ «ጨርስልኝ» ነው ያለህ። ጣሪያው ጥላ ሥር የደረሰውን ሁሉ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ እየጠመዘዝክ፣ አንዱን በሌላው ላይ እየወረወርክ፣ አሥራ አንድ ሰው። የባለ ዳቦ ቤቷ አንገት ሲሰበር ድምፁን ከመንገዱ ማዶ ሰማሁት። ልጇ አጠገቤ ቆማ ነበር። እሷም ሰማችው።

ባሕር ማዶ ሳለህ ትቀርበኝ ነበር። አሁን በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ነህ፣ እንዳንተ የራቀኝ ግን የለም። የጠራሁህ እኔ ነኝ፤ የአሥራ አንዱም ደም በእኔ ላይ ነው። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ለእህትህ የማልክላትን ቃል፣ አንዲት ሳትጨምር አንዲት ሳትቀንስ፣ ጻፍልኝ።

የአናጺው ልጅ


መጋቢት 1

ለእህቴ ልጅ፣

«አንተ» ስላልሽኝ አልተቀየምኩም። እህቴ ታላቄ ነበረች፤ እሷም ስትቆጣ ልክ እንዳንቺ ሰላምታ ትዘል ነበር።

ቃሉ ይኸውልሽ። እንዲህ ከሆንኩ በኋላ ልሰናበታት ስሄድ ልጇን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ፈራችኝ፤ ግን አልሸሸችም። «ልጆቼን ጠብቅልኝ» አለችኝ። «ከክፉ ሁሉ። አንተንም ጨምሮ።» «እሺ» አልኳት። ሌላ የለውም።

ስለ አሥራ አንዱም ልመልስልሽ። ሁሉንም አስታውሳቸዋለሁ። ባለ ዳቦ ቤቷ የያዘችው የምድጃ መጫሪያ ነበር፤ ሁለቴ መታችኝ፣ ጥሩ አድርጋ። ያልጠላሁትን ሰው መግደል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። በጦሩ ጊዜ ለአለቃዬ፣ ከዚያ ለእመቤቴ፣ አሁን ደግሞ ለገመዱ። ታማኝ ነው ይሉኛል። በወጣትነቴ አንዴ ታማኝ ለመሆን መረጥኩ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር መርጬ አላውቅም። ውሻም ቢሆን አልፎ አልፎ ጌታውን ይነክሳል።

ገመዱ «እህት አለችኝ» እያለ ይስቃል። የተረፉት ሰዎቹ ተሰብስበውለታል። ራሱን የከተማው ገዥ ብሎ ሲያውጅ የሚለብሰውን ካፖርት አንቺ እንድትሰፊለት ይፈልጋል፤ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት መጥተሽ ልኩን እንድትወስጂ አዟል። የአንገቱ ቁስል እንዲታይበት ስለማይወድ መጋዘኑ ውስጥ ባለው ክፍሉ ሌላ ሰው አይኖርም። ሲፈትሹሽ ሜትርሽንና መቀስሽን አይቀሙሽም፣ የሥራ ዕቃሽ ነውና። እኔ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ። አንዳችሁ ሌላችሁን ስትነኩ ከሰማሁ መግባት ግዴታዬ ነው። ከበሩ እስከ ወንበሩ ለእኔ ዓይን ጨፍኖ እንደ መግለጥ ነው።

ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩልሽ አትጠይቂኝ።

አጎትሽ


መጋቢት 3

አጎት፣

እህትህ «ከክፉ ሁሉ» ብላሃለች። ክፉው ከልጆቿ አንዱ ከሆነስ አላለችም፤ እናት ናት፣ አይታሰባትም። እሱን እኔ እልሃለሁ።

ሐሙስ እመጣለሁ። ስትሰማ እንዳትገባ።


ሚያዝያ 26፣ ከባሕር ማዶ

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታ ለመጻፍ መብት ያለኝ አይመስለኝም። ብቻ፣ ደህና ነሽ?

ሳልሰናበትሽ የሄድኩት ዓይንሽን ማየት ስላልቻልኩ ነው። አንቺ ከበሩ ውስጥ ነበርሽና በውጭ በኩል የሆነውን አታውቂም፤ ልንገርሽ።

ትከሻውን ለካሽ፣ ክንዱን ለካሽ። «ወንድምሽን እመስላለሁ?» ሲልሽ ሰማሁ። «ጆሮህ» አልሽው። ከዚያ መቀሱ።

የመጀመሪያውን ስትወጊው እግሬ ወደ በሩ ሄዷል። እኔ አልሄድኩም፤ እግሬ ነው የሄደው። አራት መቶ ዓመት አንድ ነገር የለመደ ሰውነት ባለቤቱን አያማክርም። የበሩን የብረት መወርወሪያ ነቀልኩና ግራ እጄን ከመቃኑ ጋር ቸነከርኩት፤ ብረቱ በወዲያ በኩል እስኪወጣ በቀኝ ቡጢዬ መታሁት። ሁለተኛውን ስትወጊው መዳፌ መቀደድ ጀመረ። ገመዱ «አጎት!» ብሎ ጮኸ። ሦስቴ ጠራኝ። ተጠርቼ ስቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጥርሴን እንጨቱ ውስጥ ቀብሬ ቆየሁ። የእህቴ ደም በበሩ ሥር እየሾለከ ጫማዬ ድረስ መጣ።

ጸጥ ሲል ብረቱን ነቀልኩ። ኮሪደሩ ላይ ስድስት ጠባቂዎች ነበሩ፤ ስትወጪ መንገዱ ባዶ ያገኘሽው ለዚህ ነው። እስኪመሽ ሣጥኔ ውስጥ ተኛሁና ሄድኩ።

እመቤቴ በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። የተበሳ እጄን አየች። ነገርኳት። «አንድ ቃል ያፈረሰ ሰው ከሚጠብቀኝ በሩ ባዶውን ቢቀር ይሻለኛል» ብላ ዘጋችው። አሁን ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥር፣ ምድር ቤት ተከራይቻለሁ። የምጠጣው የአይጥ ደም ነው፤ ለጠላትም አልመኘውም።

ምንም አልጠይቅሽም። ወሬ ብቻ ጻፊልኝ። የልጅቷ እጅ ዳነ?

አጎትሽ


ግንቦት 30

አጎቴ፣

ደህና ነኝ ለማለት አልደፍርም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሰፋለሁ። የልጅቷ ሁለት ጣት አይታጠፍም፤ በግራ እጇ መጻፍ ተምራለች። የገመዱ ሰዎች እሱም አንተም ስትጠፉ በሳምንት ውስጥ ተበተኑ። ከእነሱ ሁለቱን ሕዝቡ ይዞ በድንጋይ ወግሮ ገደላቸው። እዚያ ነበርኩ። አልወረወርኩም፤ አልከለከልኩምም።

ገመዱን ከአባቴ መቃብር አጠገብ ቀበርኩት። ሰው ሁሉ ተቆጣኝ። አራት ጊዜ ነው የወጋሁት። በአራተኛው እጄን ያዘኝና «እህቴ» አለኝ። ሊያሾፍብኝ ይሁን ከልቡ ይሁን አላወቅኩም፤ የማላውቀውም ለዘላለም ነው። ስለዚህ ነገር ምንም እንዳትጽፍልኝ።

እጅህን እንደቸነከርክ ሳነብላት ልጅቷ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ለእኔ ብለህ እጅህን ቸነከርክ። ለባለ ዳቦ ቤቷስ? ያን ቀንም ብረቱ እዚያው በሩ ላይ ነበር። እሷ ግን የእህትህ ልጅ አልነበረችም። እኔና አንተ የምንጣላው እዚህ ላይ ነው።

የአሥራ አንዱ ቤተሰቦች ቤቴ መጥተው ነበር። የጠራሁህ እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ቢገድሉኝ ይችሉ ነበር፤ ቁጭ ብለው ሰሙኝ። አሁን ደግሞ አንተ ቁጭ ብለህ እንድትሰማቸው ይፈልጋሉ። ሐሳቡን ያመጣችው የባለ ዳቦ ቤቷ ልጅ ናት።

ልብ በል፣ ይህ የደም ጥሪ አይደለም። እኔ አልጠራሁህም። የጠሩህ እነሱ ናቸው፤ ለእነሱ ደግሞ የማልክላቸው ነገር የለም። መቅረት ትችላለህ።

የአናጺው ልጅ


ሰኔ 18

ለእህቴ ልጅ፣

እመጣለሁ። በሣጥን አይደለም፤ እንደ ሰው ትኬት ቆርጬ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ይዤ ነው። ለባለ ዳቦ ቤቷ ልጅ ንገሪልኝ፦ ካሻት መጀመሪያ፣ ካሻት መጨረሻ ትናገር። ጊዜ አለኝ።

አጎትሽ


ሐምሌ 20

ለማላውቅዎት እመቤት፣

ሰላምታ ለመለዋወጥ የሚያበቃ ትውውቅ የለንም። አጎታችን አራት መቶ ዓመት አብረውዎት የኖሩ ሰው ናቸውና መርዶውን ከሌላ እንዳይሰሙት ብዬ ነው የጻፍኩት።

አጎታችን ሐምሌ 9 ደረሱ። የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መዝጊያዎች ዘግተን፣ ፋኖስ አብርተን ተቀበልናቸው። ከስተዋል፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ይንሳፈፋል። አንድ ወንበር አስቀመጥንላቸው፣ ሁለት ቀን ሙሉ እሱ ላይ ተቀመጡ።

አሥራ አንዱ ቤተሰብ ተራ በተራ ተናገረ። አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ጀርባቸው ላይ እስኪሰበር ደበደባቸው፤ እጃቸውን እንኳ አላነሡም። አንዲት እናት ልጇ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያደረገውን እየነገረቻቸው ግማሽ ቀን ፈጀች፤ አላቋረጧትም። ሲጠየቁ መለሱ። ማን ቶሎ እንደሞተ፣ ማን እንደጮኸ፣ ማን ዓይን ዓይናቸውን እያየ እንደሞተ፤ አንዱንም አልደበቁም። «ታዝዤ ነው» ይላሉ ብለን ስንጠብቅ ነበር። ከአፋቸው አልወጣም።

የባለ ዳቦ ቤቷ ልጅ የመጨረሻዋ ነበረች። «እናቴ ስትሞት ምን አለች?» አለቻቸው።

«"እነሱን ተዋቸው" አለችኝ» አሉ። «ከኋላዋ ስላሉት ነው።»

«ሰምተዋት ነበር?»

«ሰምቻት ነበር።»

የባለ ዳቦ ቤቷ ልጅ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። መዝጊያውን ይዛ ዞር ብላ አየቻቸው። ቀትር ነበር። የወንድሜ ልጅ «ቆይ!» ብላ ስትጮህ መዝጊያው ተከፍቷል።

እመቤቴ፣ ማንም አልያዛቸውም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢሉ ጥላ ነበር። ፊታቸው ሲጨስ ጮኹ፣ አዳራሹ እስኪናወጥ ጮኹ፤ እጃቸው ግን የወንበሩን ክንድ እንደያዘ ነበር፤ እጁ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ አልለቀቀም። ሁላችንም፣ የባለ ዳቦ ቤቷ ልጅም ጭምር፣ አፋቸውን ነበር የምናየው። ዝጉት ቢሉን እንዘጋው ነበር።

አላሉም።

የአናጺው ልጅ